ስሙን የደበቀው ጓደኛ

ገጣሚው ቤንጃሚን ዘፋንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው «ረፊውጂ ቦይ» የስደት ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል። ርዕሱም «ስደተኛው ልጅ» ማለት ስለሆነ ማን ይፈርዳል? እኔ ግን መጽሐፉ የሚበረታው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ባይ ነኝ።

ባለታሪኩ ዓለም ኬሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ሰሞን ወታደሮች በር ሰብረው ገብተው አባትየውን ያስፈራራሉ። ቤተሰቡ ኤርትራ ሲሻገር ያው ትዕይንት ይደገማል፤ ተረኛዋ እናት ናት። አባት ልጁን «ለሽርሽር» ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። ጠዋት ዓለም ሆቴል ውስጥ ሲነቃ የሚጠብቀው ደብዳቤ ነው፤ አባቱ ሄዷል።

ደራሲው ይህን ውሸት አያወግዝም፣ አያሞግስምም። ከዚህ ጎን የሚያቆመው ሌላ ምስጢር ነው ድንቁ። ለንደን ውስጥ ዓለምን የሚያቀርበው የክፍል ጓደኛው ሮበርት ፈርን ሲያዩት እንግሊዛዊ ነው። እውነተኛ ስሙ ግን ሮቤርቶ ፈርናንዴዝ ነው፤ ወላጆቹ ከቺሊ የተሰደዱ ናቸው። አባት የዋሸው ልጁን ለማትረፍ ነው፤ የሮበርት ቤተሰብ ስሙን ያሳጠረው ግን ከሰው ለመመሳሰል ነው። ዓለም ማንነቱን የሚደብቅበት ዕድል የለውም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ስለዚህ ደፋር ለመሆን የሚገደደው ሮበርት ነው። ጓደኝነታቸው የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን ክፍል የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ተማሪ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ቢጠቃለሉም፣ የነባርና የመጤ ልጆች አንድ ዴስክ መጋራት የጀመሩት ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል ወላጆቹ ቡራዩ ያስገቡትን የ9ኛ ክፍል ልጅ አስቡት። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፤ ለሌላው ደግሞ ተገላቢጦሹ። የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲሉት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመልሳል። የአያቱን ስም የሚውጥም አይጠፋም። ይህን ውሸት ብሎ መቅጣት ቀላል ነው፤ ለምን እንዳስፈለገው መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

መጽሐፉ እንከን አለው። ዓለም ከመጠን በላይ ጨዋ ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ እንዲህ ሁልጊዜ አይታገስም። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ተማሪዎቹ ለጓደኛቸው ሰልፍ ሲወጡ ንግግሩ ይበዛል፤ ገጸ ባሕርያቱ ዝም ብለው ደራሲው ያወራል። የእኛ አገር ክፍልም ስስ ነው። ሐረርና አስመራ ስማቸው አለ፣ ጠረናቸው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሊድስ ላይ ታሪኩን ወደ መድረክ ያመጣው ለምን ሲሳይ ነው። እሱም ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ኖርማን ተብሎ አድጎ፣ እውነተኛ ስሙን ያወቀው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ከእሱ የተሻለ ማን ሊያዘጋጀው ይችል ነበር?

የሥነ ጽሑፍ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ብታነቡት ከጦርነቱ ገጾች አትጀምሩ። ተማሪዎቻችሁን በቀጥታ ሮበርት ጋ ውሰዷቸው፤ ጦርነቱን ከዚያ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።