ችግኝ ከመተከሉ በፊት ይጠማ

ችግኝ የምናፈላ ሰዎች የሥራችን ውጤት በክረምት የሚታይ ይመስለናል። ፈተናው ግን ዝናቡ ሲያባራ ነው የሚጀምረው። በሐምሌ ደረቅ ቆላ ላይ የተተከለ ችግኝ ከመስከረም በኋላ ለወራት የሚኖረው አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሄድ ችግኝ ገና መደብ ላይ ሳለ መጠማትን መልመድ አለበት እላለሁ። የደረቅ አገር ዛፎችም የሚያሳዩን ይህንኑ ነው። የዕጣን ዛፍ ቡቃያ በጋ ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ሳይሞት ይከርምና በዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩ በቂ ስንቅ እስኪይዝ ድረስ ይህ ለዓመታት ይደጋገማል። በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው ግራር ደግሞ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፤ ሥሩ ከ10 ሜትር በላይ ወርዶ ውኃ ስለሚያገኝ ነው። በሁለቱም ሥር ይቀድማል፣ ቁመት ይከተላል።

እኛ ግን ጠዋትና ማታ እያጠጣን፣ በዳስ ጥላ ሸፍነን፣ ቅጠሉ ሰፊና ስስ፣ ሥሩ ሰነፍ የሆነ ችግኝ እናሳድጋለን። ውኃ ሲቀንስበት ግን ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይጠባሉ፣ ከሚያዘጋጀው ምግብም የበለጠውን ድርሻ ለሥሩ ይሰጣል። ስለዚህ ተከላው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀረው ጥላውን ማንሳት፣ የማጠጫውን ቀን ማራራቅ፣ ላስቲኩን አልፎ ወደ መደቡ የገባውን ሥር መቁረጥ ይገባል። ቀትር ላይ የጠወለገ ቅጠል ማታ ከቀና ችግር የለም፤ በማግስቱ ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ ግን ጥማቱ በዝቷልና ወዲያው ይጠጣ።

እንዲህ ከተደረገ ብዙ ችግኝ ይሞታል የሚሉ አሉ። ጥቂቱ ይሞት ይሆናል፤ ሆኖም መደብ ላይ የሞተ ችግኝ የሚያከስረው አንድ ላስቲክ አፈር ነው፤ ተራራ ላይ የሞተው ግን የቆፋሪውን ጉልበትና የዓመቱን ክረምት ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ድርቅን መቋቋም ከዘር የሚወረስ ነው፣ በጥማት አይመጣም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አቮካዶን አስጠምተን ግራር አናደርገውም፣ የዝርያ ምርጫም ይቀድማል። ነገር ግን ዘሩ የሰጠውን ችሎታ አያያዛችን ሊያነቃውም ሊያስተኛውም ይችላል። ላስቲኩ ራሱ የገርቢን ዋና ሥር እንደሚያጣምምም አልክድም፤ ለእንደዚህ ያሉት ዘሩን በቦታው መዝራት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። እንዲህ ያለ ዘመቻ ረጅምና ለምለም ችግኝ ያስመርጣል። እናንተ ተረካቢዎች ግን ቁመቱን አትዩ፤ ከመካከሉ አንዱን ላስቲክ ቅደዱና ሥሩን ተመልከቱ። ከታች ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ያንን መደብ አትረከቡ።