«ለምን 11?»

መስቀል ሲደርስ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቀኑን የሚያሰላ የለም፤ መስከረም 17 ነው። ፋሲካ ግን ይዘዋወራል፤ ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ያወጡታል። ከ19 ዓመቱ ዙር የተገኘውን ወንበር በ11 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። መዋስ ነውር አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ቀመሩን ሸምድደን «ለምን 11?» አለማለታችን ነው። የፀሐይ ዓመት 365፣ አሥራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን ናቸው፤ ልዩነቱ 11 ነው። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም ሲል «እመኑኝ» አላለም፤ ምክንያቱን ደርድሮ አሳየ። እንደ እኔ ከሆነ ከግሪኮች ቃሉን ከወሰድን ዘንድ ጥያቄያቸውንም ልንወስድ ይገባናል። ምክንያቱ የተረሳ ስሌት ከድግምት በምን ይለያል?