ፋና ወይስ የመብራት ማማ?

ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው፣ ርእሱ «ወደ መብራት ማማው» ተብሎ ሊመለስ የሚችለው ልቦለድ በክፍል ውስጥ ሲነሳ፣ የተማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ማማው የምን ትእምርት ነው?» የሚል ነው። መልሱም ይደረደራል፤ እናትነት፣ እውነት፣ የማይደረስበት ምኞት፣ አንዳንዴም አምላክ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጥያቄው ስሕተት ባይሆንም ያለጊዜው የተጠየቀ ነው። ማማው ትእምርት ከመሆኑ በፊት ሥራ ያለው ነገር ነውና።

ታሪኩ የሚፈጸመው በስኮትላንድ ስካይ ደሴት ቢሆንም፣ ለደራሲዋ መነሻ የሆናት በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል፣ ከሴንት አይቭስ ማዶ የሚታየው የጎድሬቪ ማማ መሆኑ በሰፊው ይታመናል። በልጅነቷ ቤተሰቧ የዕረፍት ወራቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነበር። ማማው በ1859 ሥራ የጀመረው ለጌጥ አይደለም። ከደሴቲቱ አጠገብ «ስቶንስ» የሚባሉ አደገኛ ዐለቶች አሉ፤ በ1854 ናይል የተባለች የእንፋሎት መርከብ እዚያ ተሰብራ የተሳፈሩት ሁሉ አልቀዋል። (መብራቱ በ2012 በአጠገቡ ወዳለ ዐለት ተዛውሯል፤ ነጩ ማማ ግን ቆሟል።) እንግዲህ ለአካባቢው ጀልበኛ ብርሃኑ «ና» አይለውም፤ የሚለው «ራቅ» ነው። የልቦለዱ ርእስ ደግሞ «ወደ» ይላል።

ይህ ተቃርኖ ጎልቶ የሚወጣው በሦስተኛው ክፍል ነው። ሚስተር ራምሴይ ጄምስንና ካምን ይዞ ወደ ማማው ሲሻገር፣ ሽማግሌው ጀልበኛ ማካሊስተርና ልጁ አብረው አሉ። የራምሴይ ልጆች በአባታቸው ላይ የያዙትን ቂም ሲያብሰለስሉ፣ ሽማግሌው ባለፈው ገና ስለተነሣው ማዕበል፣ በመርከብ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ስለታዩ ሦስት ሰዎች ያወጋል። ራምሴይ ወሬውን ይወደዋል፤ የጀልበኛውን አነጋገር ሳይቀር ይቀዳል። የማካሊስተር ኅሊና ግን ለአንባቢ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። ትረካው ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ኅሊና ወደ ሌላው እንደልቡ በሚመላለስበት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሚስስ ማክናብ እንኳ የራሷ ትዝታ በተሰጣት ድርሰት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለት ነው ብሎ ለመፍረድ ግን አያስቸኩልም። ወደ ማማው ሲቃረቡ ማካሊስተር ሰዎቹ የሰጠሙበትን ቦታ ያሳያል። ልጆቹ አባታቸው እንደ ልማዱ ግጥም ሊያወርድ ነው ብለው ይሳቀቃሉ። እርሱ ግን አንዲት አጭር ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል። ቀደም ሲል የሰውን ሁሉ ሐዘኔታ ሲለምን የነበረ ሰው፣ ጀልበኛው በጣቱ ባሳየው ውሃ ፊት ስለ ራሱ የሚለው ነገር ያጣል። የገጸ ባሕርዩ ለውጥ ከልጁ ጋር ከሚደረገው እርቅ ቀድሞ እዚህ ላይ የሚጀምር ይመስለኛል፤ አብዛኞቹ አንባቢዎች ግን ቦታውን እንደ ዋዛ ያልፉታል።

የርእሱ አመላለስም ከዚህ የተለየ ጉዳይ አይደለም። «ፋና» ቢባል ለጆሮ ያምራል፤ ዳሩ ግን ቃሉ በአማርኛ አስቀድሞ ወደ ምሳሌነት ስላዘነበለ ተርጓሚው ትእምርቱን በሽፋኑ ላይ ፈትቶ ይሰጠናል። «ማማ» በአንጻሩ እህል ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ ሌሊት የሚታደርበት ነው። ከጀልበኛው ዕውቀት ጋር የሚዛመደው ይኸኛው ነው።