አመዱን የሚፈትነው ውሃው ነው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈያ ቤቶች አሉ። ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የአገራችን ዋነኛ የሩዝ ምድር ነውና ገለፈቱ ብዙ ነው። ያልተፈለፈለ 1 ኩንታል ሩዝ 20 ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣዋል፤ እሱ ሲቃጠል 4 ኪሎ ያህል አመድ ይተርፋል። አመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ85 በመቶ በላይ ሲሊካ ስለሆነ፣ ለእኛ ለውሃ ማጣሪያ ሠሪዎች ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው።

ሙያው ከእሳቱ ይጀምራል። ገለፈቱ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ረጋ ብሎ ከነደደ ሲሊካው በካስቲክ ሶዳ በቀላሉ ይሟሟል። እሳቱ ከበረታበት ግን ይጠጥርና አልሟሟም ይላል። አመዱ ከጠቆረ ካርቦኑ ገና አልነደደም ማለት ነው፤ የምንፈልገው ነጣ ያለውን ነው። በሶዳ ካሟሟነው በኋላ የጎደለውን አሉሚኒየም ካኦሊን ከተባለው ነጭ ሸክላ አፈር እንጨምርለትና ወደ 100 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት ለሰዓታት እናቆየዋለን። ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ዜኦላይት ይሉታል። ከላዩ የጠለለውን እንደ ሊጥ ውሃ እየደፉ፣ ንጹሕ ውሃ እየጨመሩ ሶዳው እስኪለቅ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም።

ከመጠጥ ውሃ ልናወጣው የምንፈልገውን መርዝ፣ አርሴኒክን፣ ግን ይህ ዱቄት ብቻውን አይይዝም። የዜኦላይቱ ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ በውሃ ውስጥ ያለው አርሴኔትም (የአርሴኒክ አንዱ መልክ) እንዲሁ ስለሆነ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ዱቄቱን ፌሪክ ክሎራይድ በተባለ የብረት ጨው እንነክረዋለን። ሲደርቅ የዝገት መልክ ይይዛል፤ አርሴኔቱን የሚይዘውም ያ የብረት ልባስ ነው።

በተጣራ ውሃ ላይ አርሴኒክ ጨምሮ መልሶ ማውጣት አይከብድም። ዋናው ፈተና ስምጥ ሸለቆ ነው፤ በዚያ አንዳንድ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም፣ በላይ አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። የብዙዎቹ ውሃ አልካላይን ነው፤ ባይካርቦኔትና የተሟሟ ሲሊካም ይበዛበታል። አልካላይንነቱ ብረቱ አርሴኔትን የሚይዝበትን ኃይል ያዳክማል፤ ሲሊካው ደግሞ ቦታውን ይሻማል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያኮራን ዱቄት እዚያ ሊያሳፍረን ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያ ሠርቻለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሕዝቡ የሚጠጣውን ውሃ በጀሪካን ያስመጣ።

ውሃን ሳይፈትኑ ማመን ምን እንደሚያስከትል ባንግላዴሽ አሳይታለች፤ እዚያ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በብዛት የተቆፈሩት ጉድጓዶች ሚሊዮኖችን ለአርሴኒክ አጋልጠዋል። አርሴኒክ በውሃ ውስጥ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውምና ጠጪው ሊያውቅ አይችልም። እናት ለልጇ የምትቀዳው የእኛን ቃል አምና ነው።

አርሴኒክ የጠገበ ዱቄትም ከአመዱ የከፋ ቆሻሻ ነው። ከሲሚንቶ ጋር ታስሮ፣ ከጉድጓድና ከማሳ ርቆ መቀመጥ አለበት። ማረፊያው ያልታሰበለት ማጣሪያ መርዙን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማዛወር ነውና፣ ገና ገለፈቱን ሳናነድ ቦታውን እንወስን።