መኪናን በእጅ ነቅንቆ አሞርዛተርን መመርመር ይበቃልን?

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ፈተና አለ። በመኪናው ማዕዘን ቆሞ በሁለት እጁ ወደ ታች ይጫንና ይለቃል። መኪናው ወዲያው የረጋ እንደ ሆነ «አሞርዛተሩ ደኅና ነው» ይላል፤ ደጋግሞ የተወዛወዘ እንደ ሆነ «አልቋል» ይላል። ይህ ፈተና ገንዘብም መሣሪያም ስለማይጠይቅ በየጋራዡ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ፈተናውን ለማጣጣል ሳይሆን፥ ፍርዱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ለመመርመር ነው።

አስቀድመን የሥራውን ክፍፍል እንለይ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ግን አንድ ጊዜ ከተነቃነቀ በራሱ ቶሎ አያርፍም። አሞርዛተር በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የንቅናቄውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ጥቅሙም የተሳፋሪ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ይረዳል። ከመሬት የተለየ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ንቅናቄ አለ። የመኪናው አካል በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ ጎማው ግን በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። በእጅ የሚቀሰቀሰው የፊተኛው ብቻ ነው። በቁጥር ብናስበው፥ አካሉ ከማረፊያው ወደ ላይና ወደ ታች 3 ሳንቲሜትር በሴኮንድ 1.25 ጊዜ ቢወዛወዝ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ጎማው 1 ሳንቲሜትር ብቻ በሴኮንድ 12 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ግን 75 ሳንቲሜትር ይደርሳል። የአሞርዛተር የመቋቋም ኃይል በፍጥነት የሚወሰን ስለ ሆነ፥ በዝግታ የተፈተነው በፍጥነት ጊዜ ስለሚሆነው በቂ ምስክር አይሆንም።

ሁለተኛው እንከን ከባሌስትራ ይመጣል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ ባሌስትራ መኪና የኋላው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ንቅናቄውን ያበርዱታል፤ ስለዚህ አሞርዛተሩ የሞተ መኪና እንኳ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ሦስተኛም፥ ዘይት በሙቀት ይቀጥናል፤ ፈተናው ግን የሚደረገው ቆሞ በቀዘቀዘ መኪና ላይ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ውጤት ግልጽ ነው። የእጅ ፈተና በአንድ ወገን ብቻ የታመነ ምስክር ነው፤ «አልቋል» ሲል እናምነዋለን፤ «ደኅና ነው» ሲል ግን ሌላ ምስክር እንጠራለን።

«መኪና የሚፈትን መኪና አለ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዩሳማ በተባለው የአውሮፓ አሞርዛተር ሠሪዎች ማኅበር ስም በሚጠራው ዘዴ፥ ጎማው የቆመበት ሰሌዳ በሴኮንድ 25 ጊዜ ገደማ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ በዚያም ጊዜ ጎማው ሰሌዳውን የሚጫንበት ዝቅተኛ ኃይል ቆሞ ሳለ ከነበረው ክብደት ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይለካል። ይህ ከእጅ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን የጎማው ነፋስና የመኪናው ክብደት ቁጥሩን ይለውጡታል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብቻውን ከማየት የግራውንና የቀኙን ልዩነት ማየት ይበልጣል።

መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ግን ምን ይደረግ? ዘይት የሚያንጠባጥብ አሞርዛተር ያለ ክርክር ይለወጥ፤ ቀጭን እርጥበት ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም። የጎማው ፊት በየቦታው ተቦርቡሮ እንደ ሆነ ይታይ። መኪናው በሻካራ መንገድ ከተነዳ በኋላ አሞርዛተሮቹ በጥንቃቄ ይዳሰሱ፤ የሠራው ይሞቃል፥ ጓደኛው ሞቆ እርሱ የቀዘቀዘው ግን ይጠረጠራል። ሲለወጥም የአንዱ አክስል ግራና ቀኝ በአንድነት ይለወጥ።

ሻጭና ገዢ በአንድ ግፊት ተስማምተው ቢለያዩ ለጊዜው ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ፈተናው ያልደረሰበትን ግን በዳገቱ ቁልቁለት፥ ፍሬን በተያዘ ጊዜ፥ ተሳፋሪውና እግረኛው ይከፍሉታል።