የተቆጠረ ትዕግሥት፦ ስለ “ሃትሪክ” የክንፍ ተጫዋች

በካባላጋላና በካንሳንጋ አልፎ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሚወርደው የጋባ መንገድ፣ ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ሐበሻ ማግኘት ያስቸግራል። ክርክሩ ግን ዘወትር ስላለቀለት ተጫዋች ነው፤ ማን አሻገረ፣ ማን አገባ። ያ ተጫዋች እንዴት ተሠራ የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተጀመረው “ሃትሪክ” የተሰኘው የኢንተርኔት የእግር ኳስ ጨዋታ የቆመው በዚህ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህም እንደ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሰው አሠራር የራሱ አስተሳሰብ እንዳለው ሥራ ቆጥሮ መመርመሩ ተገቢ ይሆናል። ለዚህም የክንፍ ተጫዋቹ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በ“ሃትሪክ” ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚታይ፣ ጸጉሩ የሚነፍስ ኮከብ የለም። ግጥሚያው በጽሑፍ ይተረካል፤ ተጫዋቹም በ7 ዋና ዋና ችሎታዎች ይገለጻል። ቡድኑ በሳምንት የሚለማመደው ከእነዚህ አንዱን ነው። አሠልጣኙ የክንፍ ጨዋታን ከመረጠ፣ በአንድ ግጥሚያ ሙሉውን ጥቅም የሚያገኙት በሁለቱ ክንፎች የተሰለፉት ብቻ ናቸው፤ የመስመር ተከላካዮቹ ግማሹን ያገኛሉ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የዋለ አያድግም። እንግዲህ ነገ ቋሚ ተሰላፊ እንዲሆን የሚፈለገውን የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ፣ ገና ሳይበስል፣ ማሰለፍ ግድ ይላል።

የጨዋታው አንድ ዓመት 112 ቀን በመሆኑ፣ ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው 448 ቀን መጠበቅ አለ። ችሎታው ከፍ ባለ፣ ዕድሜውም በገፋ ቁጥር እድገቱ ይዘገያል። በመካከል ያለው ጭማሪ አይታይም፤ ሳምንታት ምንም ሳይለወጥ ያልፉና አንድ ቀን አዲሱ ደረጃ ብቅ ይላል። ፈጣንነት ደግሞ ልጁ ይዞት የሚመጣው ጸጋ እንጂ በልምምድ የሚገኝ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ዝናብ በጣለ ጊዜ ይጎድላል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት እንዲህ በተግባር የሚያስተምር ጨዋታ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን ቋንቋው ነው። “ሃትሪክ” የችሎታን ደረጃ በቃል ይሰይማል፤ መሰላሉ “የሌለ” ከሚለው ተነሥቶ “ደካማ”ን፣ “ግሩም”ን እያለፈ “መለኮታዊ” ላይ ይደርሳል። ይህንን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ወዲያው ይቸገራል። ከ“ግሩም”ና ከ“ድንቅ” የትኛው ይበልጣል? “ዕፁብ”ስ ከሁለቱ በላይ ነው ወይስ እኩያቸው? አማርኛ የምስጋና ቃላትን መደራረብ ይወዳል እንጂ በማዕረግ ማሰለፍ አልለመደም። ጨዋታው ግን እያንዳንዱን ቃል በቦታው አቁሞ በጨረታ ገበያው ዋጋ ይተምንበታል። ሰውን በአንዲት ቃል መመዘን ምን ያህል ከባድ ፍርድ እንደሆነ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚያው ከሚመሰገንበት ትዕግሥት ነው። በ“ሃትሪክ” በትክክል የጠበቀ ሁሉ ያገኛል። ልጁ ቢጎዳ እንኳ ስንት ሳምንት እንደሚቀረው ተጽፎ ይታያል። ጋባ ላይ ግን መጠበቅ እንዲህ አይደለም። ፋይሉ የት እንደደረሰ ሳይነገረው ዓመታት የቆጠረ ስደተኛ፣ ያለፈ ሳምንት ሁሉ ወደ ደረጃ እንደማይለወጥ ያውቃል። የሀገር ቤቱም እግር ኳስ ይህንኑ ይመሰክራል። ኢትዮጵያ ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2013 ነው፤ በእነዚያ 31 ዓመታት በስለው ያረጁት የክንፍ ተጫዋቾች የጎደላቸው ልምምድ ብቻ አልነበረም። አቡበከር ናስርም በ2020/21 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ፣ በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲያመራ መሰላሉን የወጣ መስሎ ነበር፤ በኋላ ጉዳት ከሜዳ ሲያርቀው ግን ቀሪውን ሳምንት ጽፎ የሚያሳየው ሰሌዳ አልነበረም።

ሌላም ጉድለት አለ። የጨዋታው ልጅ አይናገርም። በጨረታ ሲሸጥ ወዴት መሄድ እንደሚሻ አይጠየቅም፤ የሚናፍቀው ቤትም የለውም። አገር መልቀቅን በራሱ ላይ ያየ አንባቢ ይህንን ዝምታ በቀላሉ አያልፈውም።

ይህ ሁሉ ሲባል “ሃትሪክ” ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ልፋት የሚቆጠርበትን፣ እንዲሆን የሚመኙትን ዓለም የሚያሳይ ሥራ ነው፤ እንደዚያ ከታየ አያሳስትም። ከሁሉ በላይም አንድ እውነት አስጨብጦ ያልፋል፦ ቋሚ ተሰላፊ የሚባለው ሁሉ፣ ሳይበስል ያሰለፈውና ሽንፈቱን የከፈለለት ሰው ነበረው። በሐይቁ ዳር ሜዳ “ገና ነህ” ተብሎ ከመስመር ውጭ የቆመ ልጅ ካለ፣ የጎደለው ምናልባት ችሎታ ሳይሆን የመጀመሪያው 90 ደቂቃ ነው።