ስለ ብራና መጻሕፍት ድጉስና ስለ አያያዙ

የብራና መጻሕፍቶቻችንን የሚዘረዝሩ ጽሑፎችን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር መታዘቡ አይቀርም። ስለ ጽሕፈቱ፣ ስለ ሥዕሉና ስለ ቅጠሉ ብዛት በሰፊው ይነገራል፤ ስለ ልባሱ ግን «በቆዳ የተለበጠ» ከማለት የማያልፉት ብዙዎች ናቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ትችት የሚያተኩረው በዚህ ልማድ ላይ ነው፤ የድጉሱን አሠራር ያላስተዋለ ሰው ሊጠብቀው ሲነሣ ያበላሸዋልና።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ብራና ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ የሚዘጋጅ እንጂ የሚለፋ ቆዳ አይደለም፤ በእንጨቱ ገበታ ላይ የሚለበጠው ቆዳ ግን የለፋ ነው። ጥራዞቹ እርስ በርሳቸውና ከገበታው ጋር በክር ይሰፋሉ፤ ጀርባቸው እንደ ብዙ የአውሮፓ መጻሕፍት በሙጫ ስለማይታሸግ መጽሐፉ ያለ ችግር ይዘረጋል። ደጓሹም በጋለ ብረት መስቀልና ልዩ ልዩ መሥመር በቆዳው ላይ ያትማል። ወርቅ አይቀባበትም፤ ውበቱ ያለው በመሥመሩ ጥልቀትና በጥላው ነው። በመጨረሻ መጽሐፉ በማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ይህም ከምድር እርጥበትና ከአይጥ ያድነዋል።

አንድ ጊዜ ባየሁት መጽሐፍ ላይ ጠባቂው በቅን ልቡና ተነሣሥቶ ድጉሱን የጫማ ቀለም ቀብቶት ነበር። ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ሲቀርቡት ግን መሥመሮቹ በሰሙ ተደፍነው የደጓሹን እጅ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ጀርባውም በሙጫ ተጠግኖ ስለ ነበር መጽሐፉ አልገለጥ ብሎ ቅጠሎቹ ከስፌቱ አጠገብ ይጨማደዱ ነበር። ጠባቂውን አልወቅስም። ድጉስ ከጫማ የማይለይ ተራ ቆዳ እንዲመስለው ያደረግነው፣ ስለ ድጉስ ዝም ያልነው እኛ ነን።

«ቆዳ ቅባት ካላገኘ ይሰነጠቃል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህ ለኮርቻ፣ ለጠፍርና ለጫማ እውነት ነው፤ ዝናብና ላብ ቅባታቸውን ስለሚወስዱት ሌላ ሊተካላቸው ይገባል፤ ሲያልቁም ይለወጣሉ። አሮጌ ድጉስ ግን የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። የተቀባው ቅባት ውሎ አድሮ ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ብራናውም ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህም የመጻሕፍት ጥበቃ ባለሙያዎች ቀድሞ የተለመደውን ቆዳ የመቀባት ሥራ ዛሬ በአብዛኛው ትተውታል። ከቅባት ይልቅ የሚጠቅመው ከመቶ 50 አካባቢ የማይለዋወጥ የአየር እርጥበት ነው፤ ከ65 ሲበልጥ ሻጋታ ያሰጋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በንጹሕና በደረቅ እጅ መያዝ፣ በላስቲክ አፍኖ አለማስቀመጥ፣ ማኅደሩንም ከመጽሐፉ አለመለየት ይገባል።

ለአባቶች ዘዴም ቢሆን ጭፍን ምስጋና አናቅርብ። ማንገቻው ያረጀ እንደ ሆነ የተሰቀለው መጽሐፍ ይወድቃል፤ የጠበበ ማኅደርም መጽሐፉ በገባና በወጣ ቍጥር የድጉሱን ጠርዝ ይፍቃል። ስለዚህ ያረጀውን መጽሐፍ በማኅደሩ እንዳለ በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ማስተኛት ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚያስፈልገው መግለጫ ነው። መጽሐፍ የሚመዘግብ ተማሪ ለድጉሱ ቢያንስ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይስጠው፤ የቆዳውን ቀለም፣ የመሥመሩን ዐይነት፣ የስፌቱን አኳኋን፣ ቀድሞ የተደረገለትን ጥገናና የማኅደሩን ሁኔታ ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

በብዙ የአገራችን ክፍል መጽሐፉን የሚሳለመው ሕዝብ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያለ ሲንቅ ኖሯል። እኛም የጸሐፊውን እጅ እያደነቅን የአልፊውንና የደጓሹን እጅ በአንድ ቃል ስናልፍ፣ ያንኑ ንቀት በምሁር ቋንቋ መድገማችን ነው።